ኦፕሬሽን ልሁን ወይስ ልጠብቅ? የዲስክ ጥያቄና በተገላቢጦሽ የተነበበ ጥናት

ጥያቄ፦ «38 ዓመቴ ነው። በአይሱዙ ጭነት አመላልሳለሁ። ከ9 ሳምንት በፊት ጎማ ስቀይር ወገቤ ቀጭ አለ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ወደ ግራ እግሬ ወረደ። ከቂጤ ተነስቶ በባቴ ጎን እስከ አውራ ጣቴ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ኤም አር አይ ተነሳሁ፤ ኤል 4 እና ኤል 5 በሚባሉት በታችኛው ወገብ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል ተባልኩ። የኦፕሬሽን ቀጠሮዬ ከ10 ቀን በኋላ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ግን ‹ዶክተር ዋይንስታይን የሚባል ሰው ኦፕሬሽን ጥቅም እንደሌለው በጥናት አረጋግጧል፤ እንዳታስነካው› አለኝ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ካልተሠራህ ሽባ ትሆናለህ የሚለኝ አለ፤ ከተሠራህ ሽባ ትሆናለህ የሚለኝም አለ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ማታ ማታ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ወንድምዎ የጠቀሰልዎ ጥናት በእርግጥ አለ። የተረዳው ግን በተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ጥናት የተሳሳተው እሱ ብቻ ስላልሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ጀምስ ዋይንስታይን ራሱ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ነው። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ዳርትማውዝ በሚባለው የሕክምና ተቋም ሆኖ የመራው ትልቅ ጥናት በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ስፖርት» ይባላል፤ ከኳስ ጋር ግን ዝምድና የለውም። መነሻው አንድ የሚያሳፍር እውነታ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የዲስክ ኦፕሬሽን ብዛት ከአካባቢ አካባቢ በብዙ እጥፍ ይለያይ ነበር። የሰው ወገብ በየከተማው ይህን ያህል ሊለያይ አይችልም። የሚለያየው የሐኪሞቹ ልማድ ነው። ስለዚህ ሰውየው የራሱን ሙያ ሚዛን ላይ አወጣው። ይህ በሐኪሞች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

ከ2000 እስከ 2004 ድረስ (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ11 ግዛቶች ካሉ 13 ማዕከሎች የዲስክ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። ሁሉም ቢያንስ 6 ሳምንት እግር እግራቸውን ያመማቸውና በምርመራ ምስል የተረጋገጠላቸው ናቸው። 501ዱ «በዕጣ መድቡን» አሉ። 743ቱ ግን ዕጣ አንፈልግም፣ ራሳችን እንመርጣለን አሉ። ሁለቱንም ወገን ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2006 ታተመ። በዕጣ ከተመደቡት መካከል የሁለቱም ወገን ሰዎች በደንብ ተሻላቸው። ቁጥሩ ወደ ኦፕሬሽን ቢያደላም፣ በዋናዎቹ መለኪያዎች ልዩነቱ ከአጋጣሚ ሊለይ የሚችል አልነበረም። ወንድምዎ ንባቡን ያቆመው እዚህ ላይ ነው።

የቀረው ገጽ እንዲህ ይላል። ኦፕሬሽን እንዲሆኑ ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች በ2 ዓመት ውስጥ በእርግጥ የሆኑት 60 በመቶው ናቸው። ያለ ኦፕሬሽን እንዲቆዩ ከተመደቡት ደግሞ 45 በመቶው ሄደው ሆኑ። ሰው ነዋ! ሕመሙ የጠናበት አይጠብቅም፣ የተሻለው ደግሞ ቢላዋ ፍለጋ አይሄድም።

በምሳሌ ይሻላል። ጾም ክብደት ይቀንሳል ወይ ብለው 200 ሰው ሰበሰቡ እንበል። በዕጣ መቶውን ጹሙ፣ መቶውን ብሉ አሏቸው። ከጿሚዎቹ 40ው ተደብቀው ክትፎ ሲበሉ ከረሙ። ከበዪዎቹ 45ቱ ደግሞ «ሁዳዴ ገብቷል» ብለው ጾሙ። በመጨረሻ ሁሉንም ሚዛን ላይ ሲያወጧቸው የሚቆጠሩት ዕጣቸው በወጣበት ወገን ነው። ክትፎ የበላው ከጿሚ፣ የጾመው ከበዪ ጋር ተደምሮ። ልዩነቱ ቢጠፋ ይገርማል? ከዚህ ተነስቶ «ጾም ክብደት አይቀንስም» የሚል ሰው ቢመጣ ምን ይሉታል? እንደዚያ የሚቆጠረው ተመራማሪ የሚፈልገውን ውጤት እየመረጠ እንዳይወስድ ነው፤ ትክክለኛ አሠራር ነው። ሰው እንዲህ ሲደበላለቅ ግን መልሱን ያደበዝዘዋል። ዋይንስታይንና ባልደረቦቹም ይህንን ራሳቸው በግልጽ ጽፈውታል።

ራሳቸው የመረጡትን 743 ሰዎች ስናይ ምስሉ ይለወጣል። ሕመምን ከ100 በሚለካው ሚዛን፣ በ3ኛው ወር ኦፕሬሽን የሆኑት በ41 ነጥብ ገደማ ተሻሻሉ፣ ያልሆኑት በ26። በ2 ዓመት 43 እና 32 ገደማ ሆነ። ብልጫው እስከ 8 ዓመት በተደረገው ክትትል አልጠፋም። ይህን ግን እንደ ፍርድ አይውሰዱት፤ ራሱ መርጦ ኦፕሬሽን የገባ ሰውና ራሱ መርጦ የቀረ ሰው መጀመሪያውኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። እርስዎን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብልጫ ያልታየበት ጉዳይ ወደ ሥራ መመለስ ነው። ኦፕሬሽን የሆነውም ያልሆነውም በተቀራራቢ መጠን ሥራ ላይ ተገኘ። ስለዚህ «መሪ ለመጨበጥ ብዬ የግድ መሠራት አለብኝ» ብለው ካሰቡ ይህንን ያስታውሱ።

ስለዚህ ጥናቱ ኦፕሬሽን ከንቱ ነው አላለም። ሁለቱም መንገድ ያሻሽላል፣ ኦፕሬሽኑ ቶሎ ያሻሽላል፣ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እየጠበቀ አደጋ ላይ አይወድቅም ነው ያለው።

ይህንን የበለጠ ጥርት አድርጎ ያሳየው ደግሞ የሆላንዶቹ ጥናት ነው። ዊልኮ ፑልና ባልደረቦቹ በ2007 ያሳተሙት ነው። ሰዎቹ የእርስዎ ቢጤ ናቸው፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት እግር እግራቸውን ያመማቸው 283 ሰዎች። ግማሾቹን ቶሎ ሠሯቸው። ግማሾቹን «ጠብቁ፣ ካልሆነላችሁ እንሠራችኋለን» አሏቸው። ቶሎ ከተሠሩት ግማሹ ለመዳን 4 ሳምንት ገደማ ፈጀበት። ከጠበቁት ግማሹ 12 ሳምንት ገደማ። በዓመቱ መጨረሻ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው ድኛለሁ አለ። ከጠበቁት ውስጥ በዓመቱ ኦፕሬሽን የሆነው 39 በመቶው ነው። ከ10 ሰው 6ቱ ቢላዋ ሳይነካቸው ዓመቱን ጨረሱ ማለት ነው።

መጠበቅም ግን ገደብ አለው። በካናዳዋ ለንደን ከተማ የተሠራና በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ሕመሙ ከ4 እስከ 12 ወር የቆየባቸውን 128 ሰዎች በዕጣ ከፈለ። ከ6 ወር በኋላ የእግር ሕመሙ ከ10 ሲለካ ኦፕሬሽን ለተመደቡት 2.8፣ በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ እንዲቆዩ ለተመደቡት 5.2 ሆነ። የዋይንስታይን ቡድን ራሱም ሕመሙ ከ6 ወር በላይ የቆየባቸው ሰዎች፣ ተሠሩም አልተሠሩም፣ ውጤታቸው ደከም ያለ እንደሆነ አሳይቷል። «ዝም ብለህ ቻለው» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ኤም አር አይ ፊልሙ እንምጣ። ሰው ክፍሌ ሲገባ ገና ሳይቀመጥ የሚያቀብለኝ ያንን ትልቅ ፖስታ ነው። እኔ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውና «ጫማዎን ያውልቁ» እላለሁ። በተረከዝዎ ብቻ ይራመዱ። አሁን በጣቶችዎ ብቻ። ከዚያ ይተኙ፤ እግርዎን ሳይታጠፍ ቀስ አድርጌ ወደ ላይ አነሳለሁ። ነርቩ ከተያዘ ገና በግማሽ መንገድ ያ የሚያውቁት ንዝረት ባትዎ ላይ ይደርሳል፤ ፊትዎን አይቼ አውቀዋለሁ። አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ያንሱ ብዬ በጣቴ እጫነዋለሁ። የእርስዎ ነርቭ፣ በነገሩኝ መንገድ ከሆነ፣ ያንን ጣት የሚያነሳው ነው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፖስታውን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጠሮ ሲሰጡዎ ጫማ ያላስወለቀዎት ሐኪም ከሆነ፣ ሌላ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ለምን? ፊልም ጤነኛን ሰውም ይከሳል። በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸውን 98 ሰዎች ኤም አር አይ አነሳ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዲስካቸው አብጦ ተገኘ። 27 በመቶዎቹ ጎላ ብሎ የወጣ ዲስክ ነበራቸው። በኋላ 33 ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ ደግሞ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ እንዳላቸው አሳየ። ወረቀቱ ላይ «መበስበስ» ወይም «መድረቅ» የሚል ቃል አይተው እንቅልፍ ካጡ፣ ሽበትም እንዲሁ ነው። ፊልሙ ዋጋ የሚኖረው እግርዎ ከሚናገረው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። በእርስዎ ሁኔታ የገጠመ ይመስላል፤ ከኤል 4 እና ኤል 5 መካከል የሚወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚነካው በባት ጎን ወርዶ አውራ ጣት የሚደርሰውን ነርቭ ነው።

«ዲስክ ተንሸራተተ» የሚለው አባባልም ሰውን ያስፈራል። ዲስክ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም፤ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር በደንብ ተጣብቋል። የበሰለ ቲማቲም ጨምቀው ያውቃሉ? ልጡ አንድ ቦታ ይሰነጠቅና ውስጡ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ዲስክም እንደዚያው ነው። ውጪው ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ለስላሳ። የወጣው ነገር ነርቩን መጫን ብቻ ሳይሆን ያስቆጣዋል፤ ነርቩ ይቆጣና ያብጣል። ትልቁ ሥቃይ ከዚህ ነው። በጊዜ የሚበርደውም ለዚህ ነው።

ሰው የማያምነኝ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ነው። ወደ ቦታው «የሚመልሰው» ሰው የለም፤ ሰውነት ራሱ ይበላዋል። የደም ሕዋሳት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ቀስ በቀስ ያጸዱታል። በ2015 የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚሉት፣ ከዲስኩ ጨርሶ ተቆርሶ የወጣው 96 በመቶ ጊዜ ይቀንሳል። ወጥቶ ግን ያልተቆረሰው 70 በመቶ። ጎላ ብሎ የወጣው 41 በመቶ። ትንሽ ያበጠው 13 በመቶ ብቻ። አስተዋሉ? ፊልሙ ላይ የሚያስፈራው ትልቁ ነው፣ የመጥፋት ዕድሉ የሚበልጠውም ትልቁ ነው።

ስለ ሽባነት። ወገብ ላይ የሚወጣ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ሽባ አያደርግም። በዚያ ከፍታ ዋናው የአከርካሪ ገመድ አልቋል፤ ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ የተንጠለጠሉ የነርቭ ሥሮች ናቸው። እነዚህ በጅምላ ሲጨፈለቁ ግን ድንገተኛ አደጋ ነው። ምልክቱን ይወቁት። ሽንት እምቢ ማለት ወይም ሳያውቁት ማምለጥ፣ ሰገራ አለመቆጣጠር፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል መደንዘዝ፣ የሁለት እግር መዛል። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ያ ጉዳይ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ሸበጥ ከእግርዎ እየወለቀ ካስቸገረዎ ወይም እግርዎ መሬት እየጎተተ ከመጣ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይታዩ። ይህ ሁሉ ከሌለ ግን «ካልተሠራህ ሽባ ትሆናለህ» ማለት ማስፈራሪያ ነው።

ለእኛ አገር ሰው አንድ ነገር እጨምራለሁ። ትኩሳት፣ ሌሊት ማላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ተኝተውም የማይተው የወገብ ሕመም ካለ ዲስክ ነው ብለው አይዝናኑ። ቲቢ አከርካሪን ይይዛል፤ ሰውየው ሳይስልም። ጥሬ ወተት የሚጠጣና ከከብት ጋር የሚውል ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታም ሊይዘው ይችላል። እነዚህ በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው፤ «ዲስክ ነው» እየተባለ ወራት ሲያልፍ ግን አጥንቱን ይበሉታል።

እየጠበቁ ምን ያድርጉ? አይተኙ። ሆላንድ ውስጥ 183 ሰዎች ላይ የተሠራ የ1999 ጥናት ለ2 ሳምንት አልጋ ላይ የዋለው ሰው ካልዋለው የተሻለ ነገር እንዳላገኘ አሳይቷል። ሕመሙ የሚፈቅደውን ያህል ይራመዱ፤ አጭር አጭር፣ ደጋግመው። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ሊያግዝ ይችላል። መርፌው ግን ከክኒኑ የተለየ ምትሃት የለውም፤ ከፋርማሲ እየገዙ በየሳምንቱ መወጋት ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ጨጓራ፣ ግፊት ወይም ኩላሊት ካለብዎ ሳይጠይቁ አይንኩት። «የነርቭ መድኃኒት» ተብሎ የሚታዘዘው ፕሪጋባሊን በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ በ209 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ለዚህ ሕመም ከባዶ ክኒን አልበለጠም፤ ማዞሩ ግን በዛ። መሪ የሚይዝ ሰው ማዞር አያስፈልገውም። ወገብ ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁበት። ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ ጥሩ ነው።

ወጌሻ ለወለምታ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ወገብዎን እንዲረግጥ፣ እንዲጎትት ወይም እንዲያንቋቋ ግን አይፍቀዱለት። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፤ ጀሪካኑን ግን ሌላ ሰው ይሸከምልዎ።

ኦፕሬሽኑስ? እንደ እርስዎ ላለ ሰው የሚሠራው ትንሽ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ይገባና ነርቩን የተጫነችውን ቁራጭ ብቻ ያወጣል፤ ዲስኩ እንዳለ አይወጣም። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይራመዳል። የሚያድነው እግርን ነው። የወገብን ሕመም እንዲያጠፋ ከጠበቁ ያዝናሉ። አደጋውም ትንሽ ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። በዋይንስታይን ጥናት ከ100 ሰው በ4ቱ ገደማ የነርቩ ሽፋን ተቀዶ በዚያው ተሰፍቷል። በ8 ዓመት ውስጥ 15 በመቶ የሚሆኑት ድጋሚ ተሠርተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ እንደገና ወጥቶ ነው። ኢንፌክሽንና የነርቭ ጉዳት አልፎ አልፎ አለ። ደግሞ እነዚህ ቁጥሮች አከርካሪ ብቻ ከሚሠሩ የአሜሪካ ማዕከሎች የመጡ ናቸው። እርስዎን የሚመለከተው የእርስዎ ሐኪም ቁጥር ነው። እና ልብ ይበሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ ተራ ዲስክ ብሎን ማስገባት አያስፈልግም። ብሎን ከተባሉ «አጥንቱ ይንቀሳቀሳል ወይ? የቱ ፊልም ላይ ታየ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ካልጣመዎት ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

እንግዲህ የእኔ ምክር። ቀጠሮውን አይሰርዙት፣ በ4 ሳምንት ይግፉት። 9ኛ ሳምንት ላይ ነዎት፣ እግሬ ዝሏል አላሉኝም፣ ማታ ማታ ቀለል ማለት ጀምሯል። ቀለል ማለት የጀመረ እግር ላይ ቢላዋ ለማሳረፍ አልቸኩልም። ሐኪምዎ ሲመረምርዎ አውራ ጣትዎ ወይም ቁርጭምጭሚትዎ ደክሞ አግኝቶት ከሆነ ግን የእሱን ይስሙ እንጂ የእኔን አይደለም። እሱ እግርዎን ነክቶታል፣ እኔ አልነካሁትም።

በእነዚህ 4 ሳምንታት ማታ ማታ የእግሩን ሕመም ከ10 ቁጥር እየሰጡ ይጻፉ፤ የወገቡን ለብቻ። የስልክዎ ማስታወሻ ይበቃል። በየጥቂት ቀኑ በተረከዝዎ ተራምደው ይሞክሩ፤ ግራው ከቀኙ እኩል ካልቆመ ያኔውኑ ይሂዱ። በ13ኛው ሳምንት የእግሩ ቁጥር ወደ ግማሽ ከወረደ ኦፕሬሽኑን ይተዉት። 7 እና 8 ላይ ከተቸከለ፣ እንቅልፍ ከነሳዎ፣ ሥራ ካስፈታዎ ይሠሩ፤ ሳይፈሩ። በምንም መልኩ ግን እንደዚህ እያመመዎ 6 ወር እንዳይሞላዎ።

አይሱዙውን ለጊዜው ይተዉት። ረጅም ሰዓት መቀመጥና ንዝረቱ ነርቩን ያስቆጣዋል። የግድ ከሆነ በየሰዓቱ ወርደው አምስት ደቂቃ ይራመዱ። ጎማ ግን ረዳቱ ይቀይር። ለወንድምዎ ደግሞ ጥናቱን እንደገና ያንብብ ይበሉት፤ በተለይ 60 እና 45 የሚሉት ቁጥሮች ያሉበትን ገጽ።